ልጅ ከቤት እስከ የት? የቀብሪበያ ሜዳና የጨዋታ ታሪኩ

የልጅነት ጨዋታ ሲነሳ አዋቂው ሁሉ አንድ ዓይነት እሮሮ አለው። የዛሬ ልጅ ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል፣ እኛ ግን ደጅ ነው ያደግነው ይላል። አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ይህን ያልሰማ የለም። ቀብሪበያ ላይ ግን እሮሮው አይሠራም። ከጅግጅጋ በስተደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደገሃቡር በሚወስደው መንገድ ላይ በተቀመጠችው በዚህች ከተማ ልጅን ከሜዳ ያራቀውም ወደ ሜዳ የመለሰውም ሌላ ነው። ስልክ የደረሰው ከሁሉም በኋላ ነው። ከእሱ በፊት ውሃ ነበር፣ ጦርነት ነበር፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ፈንጂ ነበር፣ ድንበር ተሻግሮ የመጣ ጎረቤትም ነበር። ስለዚህ የጨዋታ ስም ከመደርደር አንድ ጥያቄ ይዞ መነሳት ይሻላል፤ በየዘመኑ ልጅ ከእናቱ ቤት ምን ያህል ርቆ መጫወት ይችል ነበር?

ጥንት፣ ማለትም ከተማ የሚባል ነገር በዚህ ሜዳ ላይ ሳይኖር፣ መልሱ በጣም ሩቅ የሚል ነው። ከጅግጅጋ ሜዳ ጀምሮ ሀውድ እስከሚባለው ሰፊ ምድር ድረስ ያለው አገር የአርብቶ አደር አገር ነው። በጎችና ፍየሎች የሴቶች፣ የልጃገረዶችና የትንንሽ ወንዶች ሥራ ናቸው። ወንዱ ልጅ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆነው ከግመሎቹ ጋር ይሄዳል፤ ግመል ደግሞ ሣር ባለበት እንጂ ቤት ባለበት አይውልም። ስለ ሶማሌ አርብቶ አደር ኑሮ በሰፊው የጻፈው አንትሮፖሎጂስት አይ. ኤም. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን የሥራ ክፍፍል በዝርዝር አስፍሮታል። ለእኔ ከዚያ ትልቅ ጥናት ውስጥ የሚደንቀኝ ስለ ልጅ ጨዋታ የተለየ ምዕራፍ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። ጨዋታውና እረኝነቱ ተለይተው አይታዩማ። ግልገል እየጠበቁ ድንጋይ ይወረወራል፣ ትግል ይገጠማል፣ ጉንዳን ጉድጓድ ላይ ይተኛል። ማታ ግልገሉ ጎድሎ ከተገኘ ግን ጨዋታ ነበር የሚል ምክንያት አያድንም።

ከእነዚህ የሜዳ ጨዋታዎች ሁሉ አንዱ ከልጅ እስከ ሽማግሌ የዘለቀ ነው፤ ሻሕ። መሬት ላይ በጣት ሦስት አራት ማዕዘኖች አንዱ በሌላው ውስጥ ይሣላሉ፣ በየጎናቸው መሐል ላይ በመስመር ይያያዛሉ፤ 24 ነጥብ ይወጣል። ሁለት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው 12 ጠጠር ይዘው ተራ በተራ ይደረድራሉ። አንዱ ድንጋይ ሲይዝ ሌላው የፍየል በጠጥ ወይም የእንጨት ስባሪ ይይዛል፤ መለየቱ ብቻ ይበቃል። ሦስት ጠጠር በአንድ መስመር ማጋጠም ጃሬ ይባላል። ድርደራው ሲያልቅ 24ቱም ቦታ ጢም ብሎ ስለሚሞላ ማንም መንቀሳቀስ አይችልም፤ ስለዚህ በድርደራው ጊዜ ቀድሞ ጃሬ የሠራው ከባላጋራው አንድ ጠጠር ያነሣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ጦርነቱ የሚጀመረው። ከጃሬ ወደ ጃሬ ወዲያና ወዲህ የምትመላለስ ጠጠር ያገኘ ሰው ኢርማን አለው ይባላል፤ እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ሻይ ብትጠጡ ይሻላል። አውሮፓውያንም በዚህ ሰሌዳ ይጫወታሉ፤ ጠጠሩ ግን ለእያንዳንዱ ዘጠኝ ነው፣ ባላጋራን መብላትም ገና በድርደራው ይፈቀዳል። የሶማሌው ግን እስከ መጨረሻው አስታግሦ ኋላ ያፋጃል። ጂ. ማሪን የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1931 በብሪታንያ የአንትሮፖሎጂ መጽሔት ላይ ስለ ሶማሌ ጨዋታዎች ጽፏል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ገበጣና መሰል ጨዋታዎች ሰብስቦ አውጥቷል። ሰሌዳው አሸዋ ላይ በጣት ተሥሎ ነፋስ የሚያጠፋው ነው። ያለ ዕቃ፣ ያለ ገንዘብ፣ በየትኛውም ቦታ፤ ለሚንቀሳቀስ ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ ከየት ይመጣል?

ማታ ማታ የጨዋታው ክልል ተጠቅልሎ እሳት ዳር ይገባል። ያን ጊዜ ተራው የእንቆቅልሽና የተረት ነው። ረጅም ጆሮ ያላትና ሰው የምትበላው ደግደር ልጅ ከሰፈር እንዳይርቅ የምታስፈራራ ዘበኛ ነበረች፤ እናቶች ያለ ደመወዝ ቀጥረዋታል። ከዚህ ሜዳ የበቀለው ተረት ግን የዊል ዋል ነው። ገራድ ዊል ዋል በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጅግጅጋን አካባቢ ያስተዳደረ እውነተኛ ሰው ነው፤ ዛሬ የጅግጅጋ አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። በተረቱ ገራዱ የአገሩን ወንዶች ሰብስቦ ሰውን የሚያስማማና የሚያጣላ አንድ የበግ ብልት አምጡልኝ ይላል። ሀብታሞቹ ፍሪምባውንና ታፋውን ተሸክመው ይመጣሉ። አንድ ድሃ ግን ልጁ መክራው ጉሮሮ ይዞ ይቀርባል። ገራዱም ይህ ምክር ያንተ አይደለም ብሎ ያፋጥጠዋል፣ የልጅቱንም ብልህነት ያውቃል። አንድ ድሃ ልጅ ይህን ሲሰማ ምን ዓይነት ኩራት እንደሚሰማው መገመት አያቅትም። የካናዳዋ ደራሲ ማርጋሬት ሎውረንስም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ባለቤቷ በሀውድ የዝናብ ውሃ የሚይዙ ኩሬዎች ሲያስቆፍር አብራው ኖራ የሶማሌ ግጥምና ተረት ሰብስባለች፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የታተመው መጽሐፏ ደግደርንም ይዟል። ኩሬዎቹ ሌላ ነገርም አመጡ። ጉ በሚባለው የዝናብ ወራት ውሃ ሲሞሉ ልጅ ከብት አጠጣለሁ ብሎ ይሄድና ራሱም ይገባል፤ ጂላል በሚባለው ደረቅ ወቅት ደግሞ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ብቻ ይቀራል።

ወደዚህ ሜዳ የከተማ ኑሮ የመጣው ከሰሜን ምዕራብ፣ ከጅግጅጋ በኩል ነው። ጅግጅጋን ቀጥ ቀጥ ባሉ ሰፋፊ መንገዶች ያቀዱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ በ1900ዎቹ መጨረሻ ግድም አገሩን ሲያስተዳድሩ። ሰውየው በሩሲያ የተማሩ፣ ፋቡላ የተባለውን ቴአትር የጻፉ፣ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። ስለ እኚህ ሰው ሲወራ ሕገ መንግሥቱና ቴአትሩ ይቀድማሉ፤ እኔ ግን መንገዶቹን አስቀድማለሁ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ሁለት ሰው ሲተላለፍ ትከሻ ይነካካል፤ ጅግጅጋ ላይ ግን አራት ድንጋይ አስቀምጦ ሁለት ጎል መሥራት ይቻላል፣ በመሐሉ ጋሪ ያልፋል። የጨርቅ ኳስ፣ ብይ፣ ቆርኪ፣ ጎማ መንዳት፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ሌባና ፖሊስ የተስፋፉት በእነዚህ መንገዶች ላይ ነው። የሶማሌው፣ የአማራው፣ የሐረሪው፣ የኦሮሞውና የጉራጌው ልጅ በአንድ መንገድ ስለሚገናኝ ጨዋታውም እንደዚያው ተቀላቀለ። ጠዋት የእስላሙ ልጅ ሎሑን ይዞ ቁርዓን ቤት ይሄዳል፣ የክርስቲያኑ ልጅ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ይቆጥራል፤ ሐሙስ ከሰዓትና ዓርብ አንዱ ቡድን ነፃ ሲሆን ሌላው አይሆንም። የኳስ ቡድን ለማሟላት ይህን የቀን መቁጠሪያ ማወቅ ግድ ነበር። ማንም ሳያስተምራቸው ሁለት ሃይማኖት በትክክል ያወቁ ልጆች በዚህ መንገድ አደጉ።

መንገዱ የልጅ ብቻ አልነበረም። ጣሊያን በ1928 ገባ፣ በ1933 የእንግሊዝ ጦር አባረረው፤ ከዚያም እንግሊዝ ራሱ አልወጣ ብሎ ጅግጅጋን እስከ 1940 ድረስ፣ ሀውድን ደግሞ እስከ 1947 ድረስ በእጁ አቆየ። አዋቂዎች ስለ ድንበር በለንደን ሲጨቃጨቁ ግመል ጠባቂው ልጅ ዝናቡን ተከትሎ ያንኑ ድንበር በዓመት ሁለት ጊዜ ያቋርጥ ነበር። ይህን ዘመን አጠር አድርጌ ማለፌ ያለምክንያት አይደለም፤ በልጁ የውሎ ርቀት ላይ ለውጥ ያመጣው ቀጥሎ የመጣው ነው።

በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። በመስከረም 1970 መጀመሪያ ጅግጅጋ ተያዘች፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ ድል ተመለሰች። ይህን ቀን የማያውቅ የለም። ብዙም የማይነገረው በእነዚያ ወራት ሰፈር ሙሉ ልጅ በሁለት አቅጣጫ መበተኑ ነው። አንዱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሐረርና ድሬዳዋ ሸሸ፤ ሌላው ድልና ሽንፈት ሲገለበጥ ወደ ሶማሊያ ተሻገረ፣ እዚያም በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በሰፈረባቸው መጠለያዎች አደገ። ትናንት በአንድ ጎል የተጫወቱ ልጆች በተለያየ አገር፣ በተለያየ ፊደል ማንበብ ጀመሩ፤ ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ1972 በላቲን ፊደል መጻፍ ጀምራ ነበርና። ቀላፎ ያደገው ኑሩዲን ፋራህ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ካርታዎች በተባለው ልብ ወለዱ የዚህን ጦርነት ሕፃን ማዕከል አድርጎታል። በዚህ አካባቢ ስለ ልጅነት መጻፍ የፈለገ ሰው ወደዚያ መጽሐፍ ሳይደርስ ባይጀምር እመክራለሁ።

ጦሩ ሄደ፣ ፈንጂው ቀረ። የእረኛው ልጅ ሩቅ መሄድ ያቆመው ያን ጊዜ ነው። ጦር በሠፈረባቸው ኮረብታዎች፣ በምሽጎች ዙሪያ፣ በድንበሩ አካባቢ የተቀበረው ሁሉ ሣር በቀለበት። ሣር ባለበት ፍየል ይሄዳል፣ ፍየል ባለበት ልጅ አለ። የሚያብረቀርቅ ብረት አንሥቶ መጫወቻ ማድረግ የየትም አገር ልጅ ልማድ ነው፤ እዚህ ግን እጅ የሚያስቆርጥ ልማድ ሆነ። የኢትዮጵያ ፈንጂ ማምከኛ ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ከዚያ በኋላ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ሶማሌ ክልል ከትግራይና ከአፋር ጋር ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ተመዘገበ። ኢትዮጵያ የፀረ ሰው ፈንጂ እገዳ ስምምነትን ያጸደቀችው በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ነው። ስሌቱን ሥሩት፤ ከጦርነቱ እስከዚያ ድረስ አንድ ትውልድ ሙሉ ተወልዶ አድጓል። የደግደርን ቦታ እውነተኛ ነገር ወሰደው። እናት ከዚያ ኮረብታ እንዳትወጣ ስትል ተረት እያወራች አልነበረም።

ግንቦት 1980 ላይ ታሪክ አቅጣጫውን ገለበጠ። የሲያድ ባሬ መንግሥት ሀርጌሳን ሲደበድብ ሕዝቡ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። ከቀብሪበያ ብዙም ሳይርቅ ወደ ድንበሩ የምትገኘው ሀርቲሼክ በአጭር ጊዜ ውስጥ በዓለም ከነበሩት የስደተኛ ጣቢያዎች ትልቋ ሆነች፤ 250 ሺህ ያህል ሰው አስተናግዳለች። ከመጡት ውስጥ ከ1970 በፊት እዚሁ ሜዳ ላይ ተጫውተው ያደጉ ነበሩ፤ ልጅ ሆነው ሸሽተው ልጅ ወልደው ተመለሱ። በጥር 1983 የሞቃዲሾ መንግሥት ሲወድቅ ሌላ ማዕበል መጣ፤ የቀብሪበያ ጣቢያም በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ተከፈተ። ሀርቲሼክ በ1996 ዓ.ም. ተዘጋች። ቀብሪበያ አልተዘጋችም። ለዓመታት 16 ሺህ ገደማ ሰው ይዛ ቆይታለች፤ በውስጧ የተወለዱት ልጆች ራሳቸው ወልደዋል።

ጣቢያው ከከተማው ጋር የተጣበቀ ነው። የሁለቱ ቋንቋ፣ ሃይማኖትና ምግብ አንድ ስለሆነ የሚለያያቸው የራሽን ካርድ ብቻ ነው፤ ኳስ ሜዳ ላይ ደግሞ ካርድ የሚጠይቅ የለም። ስለ ስደተኛና ስለ አስተናጋጅ ማኅበረሰብ ግንኙነት የተጻፈው ሪፖርት ብዙ ነው። ልጆቹ ግን የስብሰባ አዳራሹን ሳይጠብቁ ጉዳዩን በአንድ ኳስ ጨርሰውታል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ከላስቲክና ከጨርቅ የተጠቀለለ ኳስ፣ ከተቀደደ የዘይት ጀሪካን የተቆረጠ መኪና ከጠርሙስ ክዳን ጎማ ጋር፣ ከዕርዳታ ጆንያ የተተለተለ የመዝለያ ገመድ። የዓለም አቀፉ ዕርዳታ መጫወቻ ልላክ ብሎ ሳያስብ መጫወቻ ልኳል።

እዚህ ላይ ስለ ውሃ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የቀብሪበያን ልጅ ውሎ ከማንም በላይ የወሰነው እሱ ነውና። ከተማዋ ወንዝ የላትም። ሕዝቡ የኖረው በቢርካ ነው፤ ቢርካ ማለት የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ሲሆን በሀውድ መስፋፋት የጀመረው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ጣቢያው ሲከፈት ይህ ሁሉ ሰው በቢርካ ሊኖር ስለማይችል ውሃ በቦቴ ከጅግጅጋ ይመላለስ ነበር። ቦቴ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ስለዚህ ተራ ይያዛል። ተራ የሚይዘው ጀሪካን ነው፣ ጀሪካኑን የሚጠብቀው ልጅ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ሴት ልጅ ናት። ወንድሟ ኳስ ይዞ ሲጠፋ እሷ ከጀሪካኖቹ ሰልፍ ሃያ እርምጃ መራቅ አትችልም። የሴቶቹ ጨዋታ ለምን ገመድ፣ ጠጠርና ማጨብጨብ እንደሆነ ለሚጠይቅ መልሱ ይኸው ነው፤ ሁሉም ቆመው ወይም ተቀምጠው፣ ዓይን ከጀሪካን ሳይነቀል የሚሠሩ ናቸው። የልጃገረዶች ባሕርይ ነው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እኔ አልቀበለውም፤ የአርብቶ አደሯ ልጅ ፍየል ተከትላ ቀኑን ሙሉ ትሮጥ ነበር። ያስቆማት ሰልፉ ነው። በሁለት ሺህዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው የጃረር ሸለቆ ውሃ በቧንቧ ሲመጣ ሰልፉ አጠረ። ፓምፕ ሲበላሽ ወይም ነዳጅ ሲጠፋ ግን ጀሪካኖቹ ተመልሰው ይሰለፋሉ፣ ልጅቱም ከአጠገባቸው።

የሕግም ነገር አለ። የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ለልጅ የመጫወትና የማረፍ መብት ይሰጣል፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት የልጆችን ጨዋታ ማጽደቁ ከታሪክ ቀልዶች አንዱ ነው፤ ጊዜው የቀብሪበያ ጣቢያ ከተከፈተበት ዓመት ጋር መግጠሙም ያስገርማል። ስደተኛው ከጣቢያ ወጥቶ እንዲንቀሳቀስ፣ እንዲሠራና እንደ ዜጋ አንደኛ ደረጃ እንዲማር በር የከፈተው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመጣው ግን ከ28 ዓመት በኋላ ነው። ጣቢያ ውስጥ የተወለደ ልጅ እስከዚያ ድረስ ጅግጅጋ ሄዶ ለመጫወት በወረቀት ደረጃ የይለፍ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር።

የጅግጅጋም የልጅነት መንገዶች ሳይነኩ አልቆዩም። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በከተማዋ ሰው ተገደለ፣ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፣ ሱቅ ተዘረፈ፤ ሶማሌ ያልሆኑ ብዙ ነዋሪዎች ለቀው ወጡ። ጎረቤት ጎረቤቱን ቤቱ ውስጥ እንደደበቀም ከከተማው ሰው ይሰማል። የሐሙስንና የዓርብን ፕሮግራም ተለዋውጦ ያወቀ ትውልድ ነው ይህን ያደረገው ብዬ ማሰብ እፈልጋለሁ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ድንጋይ ያነሣውም እዚያው ያደገ ሊሆን ይችላልና እምነቴን ገደብ አበጅቼለታለሁ። አብሮ መጫወት ብዙ ይሠራል፣ ሁሉን ግን አይሠራም።

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። ቀብሪበያም ደርሷል፤ ልጆች በአንድ ስልክ ዙሪያ ስምንት ሆነው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጎል ያያሉ፣ ከዚያ ወጥተው ያዩትን ይሞክራሉ። ስልኩ ወደ ሜዳው እየላካቸው እንደሆነ ማየት ለሚፈልግ ይታያል። የሚያሳስበው ሌላ ነው። አስፋልቱ በከተማዋ መሐል ሲያልፍ አይሱዙና ባጃጅ የቀድሞውን መንገድ ያዙት። ከተማዋ ስትሰፋ ደግሞ ባዶ የነበረው መሬት በቆርቆሮና በሽቦ እየታጠረ ይሄዳል። ፈንጂው መነሣት በጀመረበት፣ ውሃው በመጣበት፣ ወረቀቱም በተፈቀደበት ሰዓት ቦታው ራሱ ሊያልቅ ነው። ስደተኛውንና ነዋሪውን በአንድ ከተማ አስተዳደር ሥር ለማኖር ሲታቀድ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የውሃ ቦኖ በካርታው ላይ ቦታ ያገኛሉ። ኳስ ሜዳ ግን ጠያቂ የለውም፤ እየተጫወቱበት ያሉት ልጆች ቀበሌ ሄደው ማመልከቻ ስለማይጽፉ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት መንገዱን ሲያሰፉ ስለ ኳስ አላሰቡም ይሆናል። የዛሬው መሐንዲስ ግን አላሰብኩም ሊል አይችልም፤ ከቢሮው መስኮት ሆኖ ያያቸዋል።